የሁዳዴ ቅቤ

ማርቲ ከአዳራሽ ተመልሳ ወጥ ቤት ስትገባ የያዘችው ሳህን አልተነካም ማለት ይቻላል። የጾም በየዓይነቱ ነው፤ ከምስር ወጡ በኩል አንድ ጉርሻ ብቻ ጎድሏል። ሳህኑን ከአብሳዩ ከፈለ ፊት አስቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሽ ኢዛና እጃቸውን ታጥበው ተነሡ። ቅቤ አለው ይላሉ" አለችው።

ከፈለ ምስሩን አየው። ቀይ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ውፍረቱም እሱ በሚወደው ልክ ነው። ጎንበስ ብሎ አሸተተው፤ ቢያንስ ለሚያየው ሰው ያሸተተ ይመስላል። ምንም አልሸተተውም። አበባም ሆነ የሞተ አይጥ ለሱ አንድ ከሆነ ይኸው ዓመት ከአራት ወሩ ነው።

"የምን ቅቤ?" አለ፤ ድምፁ ግን የራሱን ቃል የሚያምን ሰው ድምፅ አልነበረም።

ቀኑ የ2002 ዓ.ም. ሁዳዴ አራተኛ ረቡዕ ነው። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ትጠብሰዋለች፤ ከጓሮ ጄኔሬተሩ ያጓራል። የእትዬ በዛብሽ ምግብ ቤት ጁባ ውስጥ ከካስተም ገበያ ጀርባ፣ ከዑጋንዳ የሚመጡት ከባድ መኪናዎች ከሚያራግፉበት ሜዳ ፊት ለፊት ነው። ሁዳዴ ሲገባ አንዱ ወጥ ቤት ለሁለት ዓይነት ሰው ያበስላል። ለሾፌሮቹ፣ ለኬንያውያኑ የቢሮ ሠራተኞች፣ ጥብስ ለለመዱት የአገሩ ሰዎች የፍስክ ይሠራል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ከያሉበት ተሰብስበው ለሚመጡት ሐበሾች ደግሞ የጾም ይሠራል። በዛብሽ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም። በጾም ድስቶች ጆሮ ሁሉ ላይ ቀይ ሽቦ አስራለች፤ ማማሰያው ለብቻ ነው፣ ጭልፋውም ለብቻ።

ምልክት ያላደረገችው ለዘይትና ለቅቤ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ንጥር ቅቤ ረግቶ ይቀመጣል፤ ማንም በዓይኑ ይለየዋል። ጁባ ላይ ግን የሚረጋ ነገር የለም። ቅቤውም ዘይቱም በአንድ ዓይነት ቢጫ ጀሪካን፣ አንድ ዓይነት ወርቃማ ፈሳሽ ሆነው መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ክዳኑን ከፍቶ የማይለያቸው ሰው ይኖራል ብላ በዛብሽ አስባ አታውቅም። ማንስ ያስባል።

ከፈለ በዛብሽ እየጮኸች ትገባለች ብሎ ሲጠብቅ ቀስ ብላ ገባች። ይኼ ይብስ ነበር። ቀይ ሽቦ የታሰረበትን ድስት ከፈተች፣ ፊቷን አስጠጋች፣ ወዲያው መለሰችው።

"ሰርግ ቤት ይሸታል" አለች።

ከዚያ ጋሽ ኢዛና ያሏትን ነገረቻቸው። ጋሽ ኢዛና ሽማግሌ የሕንፃ ተቋራጭ ናቸው፤ የጾመኞቹ ሁሉ አባት፣ ሠላሳ ያህል ሰው እየመሩ በየቀኑ የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። አልተቆጡም። እኔንስ ሳላውቅ ነው፣ እግዚአብሔር ይፍታኝ፤ ልጆቹን ግን ነገ ወዴት ልውሰዳቸው ብለው ብቻ ጠየቋት። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ከመድረሱ በፊት ምን እንደተፈጠረ እንድትነግራቸው ለምነዋት ወጡ። ጁባ ውስጥ ሐበሻ በሐበሻ ስም ነው የሚኖረው፤ ጾም አስገደፈች የተባለች ሴት ድስቷን ብትደፋ ይሻላታል።

"ከየትኛው ጀሪካን ነው የጨመርከው?" አለችው።

"ከዘይቱ።"

"ዘይቱ የቱ ነው?"

ከፈለ ወደ መደርደሪያው እጁን ዘረጋና እጁ አየር ላይ ቀረ። ሁለቱ ጀሪካኖች ቁጭ ብለዋል። አንዱ አንገት ላይ መኖር የነበረበት አረንጓዴ ጨርቅ የለም።

ስለዚያ ጨርቅ የሚያውቅ ሰው የለም። ስለ አፍንጫውም የሚያውቅ የለም፤ እንዲያውም የከፈለ አፍንጫ በካስተም የታወቀ ነው። ከበር ላይ ቆሞ የድስት ጨው ያውቃል ይሉታል። በዛብሽ ራሷ ለእንግዶቿ፣ እኔ ቴስታውን አይደለም፣ አፍንጫውን ነው የቀጠርኩት እያለች ትቀልዳለች። ቴስታ የሚለው ስም የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ከፈለ በወጣትነቱ ለፋብሪካው ቡድን ተከላካይ ሆኖ ሲጫወት የማዕዘን ምት በተመታ ቁጥር ሜዳው ሁሉ "ቴስታ! ቴስታ!" እያለ ይጮህ ነበር፤ እሱም ከሁሉ በላይ ዘሎ በግንባሩ ይመታል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከበረኛ ጉልበት ጋር ተጋጨ። ሲነቃ አሠልጣኙ ባልዲ ውሃ እያፈሰሱበት ነበር። ስንት ለስንት ነን ብሎ ጠየቀ፤ ሕዝቡ አጨበጨበለት፤ ተመልሶ ገባ። በሁለተኛው አጋማሽ ጎል አግብተሃል አሉት። እሱ ግን ያን አጋማሽ እስከ ዛሬ አያስታውሰውም።

እንዲያ እያለ ሦስቴ ራሱን ሳተ፣ ሦስቴም ተነሥቶ ተጫወተ። መነሣቱ እንደ ጀግንነት ተቆጠረለት፤ ምስኪን፣ እሱም አመነ። አራተኛው እዚሁ ጁባ ነው። ጀበል ከሚባለው ሰፈር ሲመለስ የተሳፈረባት ሞተር ሳይክል ጉድጓድ ገባችና በጭንቅላቱ ወደቀ። ሹፌሩ አቧራውን እያራገፈለት "ማፊ ሙሽኪላ" አለው፤ ምንም አልሆንክም ማለቱ ነው። በማግስቱ ከፈለ ሽንኩርት ሲያቁላላ ወጥ ቤቱ ባዶ ሆነበት። ድምፁ አለ፣ ቀለሙ አለ፣ ሽታው ግን የለም።

ንያኩሮን አካባቢ ያገኘው ሐበሻ ሐኪም ስንት ጊዜ ተመታህ ብሎ ጠየቀው። ከፈለ መጀመሪያ እየኮራ በጣቱ ቆጠረ፤ ራሱን ያልሳተባቸውን፣ ብልጭ ብሎበት ያለፈባቸውን ሲጨምር ወደ ሁለተኛው እጁ ተሻገረና ኩራቱ ጠፋ። ሐኪሙ፣ "ጭንቅላትህ ኳስ አይደለም ወንድሜ። እያንዳንዱ ምት በፊተኛው ላይ ነው የሚደመረው" አለው። ሽታው ላይመለስ ይችላል፤ ራስ ምታቱም፣ መርሳቱም፣ እንደ ዋዛ ቱግ ማለቱም ከዚያው ነው። ሌላ ምት እንዳይደርስብህ ብሎ አስጠነቀቀው። ከፈለ ወጥቶ ለማንም አልተናገረም። ከሦስት ሳምንት በፊት እሑድ ደግሞ ሜዳ ዳር ቆሞ ኳስ ሲያይ የሚጫወቱት ልጆች "ቴስታ!" ብለው ኳስ ላኩለት፤ ግንባሩ እሱን ሳያማክር ሄደ። ነጭ ብልጭታ አየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጄኔሬተሩ ሲነሣ ጭንቅላቱ ውስጥ የተነሣ ይመስለዋል።

ሥራውን የያዘው በብልሃት ነው። ሽንኩርት መድረሱን በድምፁ ያውቃል፣ በርበሬ መብሰሉን በቀለሙ። የቀረውን ወርቅውሃ ታሸትለታለች። ወርቅውሃ ሽንኩርት ከታፊ ናት፤ ሁለት ልጆቿን ደምበጫ እናቷ ዘንድ ትታ የመጣች፣ ማደሪያዋም እዚሁ ግቢ ነው። ከፈለ እንደሚያስተምራት ሆኖ፣ ነይ አሽቺና ምን እንደጎደለው ንገሪኝ ይላታል። እሷም ደስ ይላታል፤ ባለሙያ ሊያደርጋት ነው የመሰላት። ለቅቤው ደግሞ በጀሪካኑ አንገት ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አሰረ። ሲጠይቁት እጅ እንዳያዳልጥ ነው አለ።

አሁን ጨርቁ የለም።

"ከግራው ነው" አለ በመጨረሻ፤ ዘይት የሚቀመጠው በግራ ነበርና።

በዛብሽ ክዳኑን ከፈተች። "ይኼ ቅቤ ነው። ማን ነው ያዘዋወረው?"

ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጠችው ወርቅውሃ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ከሰኞ ጀምሮ ጉንፋን ይዟታል፤ አፍንጫዋ ቀልቷል። "ጠዋት መደርደሪያውን የወለወልኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ" አለች። ከዚያም ጨመረች፤ "ሼፍም ምስሩን አሽቺው ብሎኝ ነበር። ደህና ነው አልኩት።"

"አፍንጫሽ ተደፍኖ ደህና ነው አልሽ?"

ከጠዋት ጀምሮ የፍስኩ ድስት ጎን ለጎን ሲንተከተክ ስለዋለ ቤቱ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ማንም ልብ አላለም። የቀመሰም የለም። ሁሉም ጾመኞች ናቸው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምላሳቸው ላይ ጠብታ አያሳርፉም። የጾሙ ወጥ የሚመዘነው በአፍንጫ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ድስቱ አጠገብ ከቆሙት ሁለት አፍንጫዎች አንዱ ተደፍኗል፣ አንዱ ሞቷል።

በዛብሽ ወደ ከፈለ ዞረች። "አንተስ ምን ሆነህ ነው በሷ አፍንጫ የምታምነው?"

"ላስተምራት ብዬ ነው" አለ።

ውሸቱ ሳይደናቀፍ ወጣ። ዓመት ሙሉ ሲለማመደው የኖረ ነውና። በዛብሽ ራሷን ነቀነቀች፤ ወርቅውሃን ሳታያት ተናገረች። ለጋሽ ኢዛና የሆነ ነገር ማለት አለባት፤ ያጠፋውን ሰው አሰናብቻለሁ ካላለች ነገ የሚመጣ ጾመኛ የለም። ወርቅውሃ የሠራችበትን ታገኛለች፣ ነገ ጠዋት ግን ዕቃዋን ይዛ ትውጣ።

"እኔ ሳልሆን አልቀርም" አለች ወርቅውሃ። "ይቅር በሉኝ።" አላለቀሰችም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ከፈለ በጓሮ በር ወጣ። ላቡን ሊጠርግ እጁን ወደ አንገቱ ሲሰድ ከኮሌታው ሥር ጣቱ እርጥብ ነገር ነካ። ጎትቶ አወጣው። አረንጓዴው ጨርቅ ነው።

ያን ጊዜ ጠዋቱ ተመለሰለት፣ ሁሉም ባይሆን። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ነበር። ግንባሩ ሊሰነጠቅ ደርሶ፣ እጁ ያገኘውን ጨርቅ ከጀሪካኑ ፈቶ፣ ውሃ ነክሮ ራሱ ላይ አስሮ ነበር። ከዚያ ሲሻለው ወደ አንገቱ አወረደው። ከዚያ ረሳው። ሽንኩርቱን ሊያቁላላ ሲመጣ ጨርቅ የሌለበትን ጀሪካን ፈለገ፤ ሁለቱም ጨርቅ የላቸውም፤ የቀረበውን አነሣ፣ ሲጨርስም በዘይቱ ቦታ በግራ አስቀመጠው። ያነሣበትን ቅጽበት ማስታወስ አልቻለም። ግን እጁ ያውቀዋል፤ የሌላ ሰው እጅ አልነበረም።

ጓሮው ጥግ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ጉድጓድ አለ፤ ጨርቁን እዚያ ወረወረው። ጨርቁ አመዱ ላይ ወድቆ ሳይቃጠል ተኛ። ከፈለ ቁጭ ብሎ አየው። ኮምቦልቻ ያለችውን ሚስቱን ተናኘን አሰበ፤ ልጁ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። የማያሸት ምግብ አብሳይ ማን ይቀጥራል? ኳስ እንደሆነ በአርባ ዓመቱ አይቀጥረውም። ወርቅውሃ ሠርታ መብላት አያቅታትም አለ ለራሱ። ግን እስከ ማታ ድረስ ወሬው ጀበል እንደሚደርስ፣ ሠላሳ ጾመኛ ያስገደፈችን ሴት ወጥ ቤቱ የሚያስገባ ሐበሻ እንደማይኖር ያውቃል። ፈራ። እንዲህ የፈራበትን ቀን አያስታውስም፤ ባያስታውስ ደግሞ አይገርምም።

ወርቅውሃ ከክፍሏ ወጣች። ሻንጣዋን በሩ ላይ አቁማ ወደሱ መጣች።

"ሼፍ፣ በኔ ቦታ ለምትመጣዋ ንገራት" አለችው። "ጠዋት ጄኔሬተሩ ሲነሣ የጓሮውን በር ትዝጋው። ራስህን ያምሃል።"

በየጠዋቱ በሩን የሚዘጋው ነፋስ ይመስለው ነበር።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች ቀጥላ። "እውነት እኔ ያዘዋወርኩት ይመስልሃል? አንዱን ሳነሣ ትዝ ይለኛል። የት እንዳስቀመጥኩት ግን ትዝ አልል አለኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ ባዶ ነው። ሰው እንዴት የገዛ እጁን አያምንም፣ ሼፍ?"

ከፈለ ቀና ብሎ አያት። ያን ባዶ ነገር ያውቀዋል፤ ለዓመታት ብቻውን ሲኖርበት ቆይቷል። ፊቷ ላይ ያየው የገዛ ፊቱን ነው። የራሱን በሽታ ለጤነኛ ሰው አጋብቶ፣ ሻንጣዋ ውስጥ ከትቶ ሊሸኛት ነው። ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻለም። ወደ ጉድጓዱ ሄደ፣ ጎንበስ አለ፣ ጨርቁን አንሥቶ አመዱን አራገፈ።

"አላዘዋወርሽም" አላት። "ነይ፣ ግቢ።"

በዛብሽ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብላ ነበር። ከፈለ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቆሞ ነገራት፤ ኮምቦልቻን፣ ሞተር ሳይክሉን፣ ሐኪሙን፣ የዛሬውን ጠዋት። ቅደም ተከተሉ ተዘባረቀበት፤ ሁለቴ ወደ ኋላ ተመልሶ አስተካከለ። በዛብሽ መጀመሪያ አላመነችውም። ሴትዮዋን ሊያድናት የፈጠረው መሰላት።

"ዓይንህን ጨፍን" አለችው።

ጨፈነ። ኮቴዋ ወደ ወጥ ቤት ሄዶ ሲመለስ ሰማ። አንድ ነገር አፍንጫው ሥር ሲቆም የእጇ ሙቀት ተሰማው።

"ምንድን ነው?"

"አላውቅም።"

"ይኼስ?"

"እትዬ፣ ለኔ ሁሉም አንድ ነው።"

ዓይኑን ሲገልጥ በአንድ እጇ የቅቤውን ክዳን፣ በሌላው የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ይዛ ቆማለች። ማርቲ ከበሩ ሥር አፏን በእጇ ይዛለች። በዛብሽ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

"ታዲያ ዓመት ሙሉ ማን ነው ሲያበስል የኖረው?"

"የኔ እጅና የወርቅውሃ አፍንጫ።"

መናደዷም መራራቷም ፊቷ ላይ አብረው ይታዩ ነበር። "ስማኝ፣ ከፈለ" አለች በመጨረሻ፤ "ብትነግረኝ አባርርህ ነበር ወይ? አንድ ቀን ጋዝ ፈስሶ ሳይሸትህ ክብሪት ብትጭርስ? ይኼን ሁሉ ሰው ይዘህ ነው?"

ይኼን አላሰበውም። የወንበር ጀርባ ያዘ። "ፈርቼ ነው" አለ። "ጋሽ ኢዛናን ነገ እኔ ራሴ አነጋግራቸዋለሁ። የሷ ጥፋት አይደለም።"

በዛብሽ ወርቅውሃን አየቻት፤ ሻንጣሽን መልሺ ለማለት በእጇ ምልክት ሰጠቻት። ስላንተ ደግሞ ነገ እንነጋገራለን አለችው፤ ምን እንደማደርግህ እኔም አላውቅም። ተነሥታ ጾመኞቹን ልታረጋጋ ስልኳን ይዛ ወጣች።

ከፈለ ነገን አልጠበቀም። ወጥ ቤት ገብቶ አረንጓዴውን ጨርቅ የቅቤው ጀሪካን አንገት ላይ አሰረ፤ የትኛው እንደሆነ ወርቅውሃን ጠይቆ ነው ያሰረው። ከዚያ ሽርጡን ፈታና አጣጥፎ ምድጃው አጠገብ፣ እሷ በምታየው ቦታ አኖረው። እሱ ሄዶ በሩ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። በርጩማዋ አጭር ናት፤ ጉልበቱ ወደ አገጩ ቀረበ።

ወርቅውሃ መሐል ላይ ቆማለች። ሽርጡን አየችው፣ እሱን አየችው።

"ሼፍ፣ ተው እንጂ። ምን እያደረግህ ነው?"

"ራት እየደረሰ ነው" አለ። "ስንት ኪሎ ሽንኩርት ነው የምከትፈው?"

ከሜዳው አንድ ከባድ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ከፈለ ዓይኑን ጨፍኖ ጩኸቱ ጭንቅላቱ ውስጥ እስኪያልፍ ጠበቀ። ሲገልጥ ወርቅውሃ ሽርጡን አንሥታ ወገቧ ላይ እያሰረች ነው።

"አምስት ኪሎ" አለች ሳታየው። ትንሽ ቆይታ፣ "ደቀቅ ይበል።"

የመጀመሪያውን ሽንኩርት አንሥቶ ለሁለት ሰነጠቀው። አልሸተተውም። ዓይኑን ግን እንደማንም ሰው አቃጠለው፤ እሱም እንባውን ሳይጠርግ መክተፉን ቀጠለ።